የአደራ ቅዳሜ

"ሊፍቱ አይሠራም" አለች እታለም፣ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጭና።

ጩጬ ሳትነግረውም አውቋል። በሳምንት አምስት ቀን የሰው ሊፍት ሲጠግን የሚውል ሰው፣ ከበሩ በላይ ያለችው መብራት መጥፋቷን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፤ ቦርሳው ውስጥ ያለውም መፍቻ ሳይሆን ሁለት የጀልባ ትኬት ነው። ሻንጣውን ትከሻው ላይ ጫነና ደረጃውን ተያያዘው። የሚሄዱት አምስተኛ ፎቅ ነው።

"ቀስ በል፣ የሰው አደራ ነው" አለችው ከኋላው።

"እኔስ የማን አደራ ነኝ?" አለ እያለከለከ።

ጩጬ የሚሉት የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ አንዳንድ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ስሙ ግን አንዴ ወጥቶበታል፤ ማን ይመልሰዋል። እታለም የሚላት ታላቅ እህቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ስለ አዳዲስ የስፌት መኪናዎች የሁለት ሳምንት ሥልጠና ልትወስድ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ፣ አውሮፕላኗ እሱ የሚኖርበት ከተማ ያርፋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ ማታ ሦስት ሰዓት ትወጣለች። ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የዘመድ ዓይን አላየም።

ጉብኝት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እናታቸው ግን ለእታለም ሌላም ሥራ ሰጥታታለች። "ልጄ እውነት ደስ ብሎት ነው የሚኖረው ወይስ ያስመስላል? በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ" ብላታለች። ይህንኑ ለራሱ ለጩጬም በስልክ ነግራዋለች፤ ሰላይ ልካ ሰላይ መላኳን የምታሳውቅ ሴት ናት። ያስመስላል ከተባለ አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ቦታ ተይዞለታል። እናቱ "ና" ካለች ደግሞ እምቢ ብሎ አያውቅም። መሄድ ግን አይፈልግም። ሥራውን ይወዳል፣ ከተማዋን ይወዳል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትኬት ቆርጦ ያላየውን ሲያይ ይውላል፤ ግንብ ቢሉ፣ ፏፏቴ ቢሉ፣ ቤተ መዘክር ቢሉ የቀረው ጥቂት ነው። ፎቶውንም የዚያኑ ዕለት ለቤተሰቡ ይልካል።

ስለዚህ ለዛሬ አንድ ወር ሙሉ ተዘጋጅቷል። ፕሮግራሙ ስልኩ ላይ በደቂቃ ተከፋፍሎ ተጽፏል። አራት ሰዓት ላይ ቤተ መዘክር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ግንቡ አናት ላይ ምሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀልባ። ሌላው ቢቀር ጀልባው። እህቱ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አንስታ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ሊያያት ቋምጧል። ከዚያ ወዲያ "ያስመስላል" የሚል ቃል ከአፏ እንደማይወጣ ለራሱ ነግሮታል።

ያላሰበው ሁለተኛውን ሻንጣ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የራሷን ሻንጣ ለዕቃ ጠባቂዎቹ ሰጥታ ስታበቃ፣ ትልቁን ወደ እሱ ገፋችለት። "የጎረቤት ልጆች ዕቃ ነው። ሦስት ቤት ብቻ ነው፣ መንገዳችን ላይ ነው" አለች። ጩጬ ጥርሱን ነከሰ። የሰው ዕቃ መንገድ ላይ ሆኖ አያውቅም።

አምስተኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈተችው የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ፀጉሯ ግማሹ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ ተራውን እየጠበቀ ቆሟል። እናቷ የላከችላትን ጥቅል ስትፈታው የእጅ ሥራ ሹራብ ወጣ። እዚያው በቁሟ ለበሰችው። እጅጌው ከክርኗ ትንሽ አለፍ ብሎ ቀረ፤ እናትየዋ የሠራችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለትምህርት ከቤት በወጣችው ልጅ ልክ ነበር።

"ልክ ነው?" አለች እታለም፣ የልብስ ሰፊ ዓይኗ እያየ እንዳላየ ሆና።

"ልክክ ብሏል" አለች ረዳቷ። በዚያው በአጭሩ እጅጌ እንባዋን ጠረገች፣ ሳቀችም። ቀኑን ሙሉ አላወለቀችውም።

ከዚያ ወደ ጩጬ ዞረች። "አንተስ የት ነው የምትኖረው?"

"ከድልድዩ ማዶ።"

"ከዚህ ድልድይ?" በመስኮቱ ጠቆመች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ዓመት ከሦስት ወር።"

"እኔ ደግሞ አምስት ዓመቴ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህ ግድግዳ ጋር ስጨቃጨቅ። ሰው እንዴት አንድ ድልድይ መሻገር ያቅተዋል?"

ጩጬ ሰዓቱን አየ። ሻይ መጣ። ሻዩ ወሬ ጠራ፣ ወሬው ሌላ ሻይ ጠራ። ሲነሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ቤተ መዘክሩ በዚያው ቀረ። ረዳቷ ፀጉሯ ላይ ሻሽ ጣል አድርጋ "ብቻችሁንማ አትሄዱም፣ መንገድ ይጠፋባችኋል" ብላ ተከተለቻቸው። ጩጬ መንገዱን በካርታ አብጠርጥሮ ያውቀዋል፣ ግን ማን ጠይቆት።

ሁለተኛው ቤት ከተማው ጫፍ ላይ ነው። ባቡሩ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች የሃያ ዓመት ወዳጅ መስለው ተቀመጡና ጩጬን ማማት ጀመሩ፣ ያውም ፊቱ ላይ።

"በሰባት ዓመቱ ነው" አለች እታለም። "ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና 'ሦስተኛ ፎቅ' ብሎ አዘዘ። እስኪወጣ ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው። እኛ ደግሞ ልጁ ጠፋ ብለን ሰፈሩን አንድ አደረግነው።"

"ታዲያ ስታገኙት ምን አለ?"

"'ደረስን ወይ?' አለ።"

ረዳቷ በሳቅ ተንፈራፈረች። ጩጬ ሊኮሳተር ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ እሱም ሳቀ።

የሁለተኛው ዕቃ ባለቤት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ በሩን ሞልቶ የቆመ ሰው። እታለም የሻንጣውን ግማሽ ይዞ የነበረውን ነገር ጎትታ አወጣችለት። ጥጥ የተጠቀጠቀበት፣ ድንጋይ የሚያህል ትራስ ነው።

"ትራስ?" አለ ጩጬ። ከጠዋት ጀምሮ ምን ተሸክሞ እንደዋለ ገና አሁን አየ። "እዚህ አገር ትራስ ጠፍቶ ነው?"

ሹፌሩ አልሰማውም። ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። ኋላ ቀና ብሎ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብዬ ለእማዬ በስልክ አንድ ቀን ነግሬያት ነበር" አለ። "ልጅ ሆኜ ከዚህ ትራስ ውጪ አልተኛም ነበር። አልረሳችም።" ከዚያ የበሩን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። "በሉ፣ ምሳ ሳትበሉ ከዚህ ቤት ንቅንቅ የለም።"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀልባ አለን" አለ ጩጬ።

"ጀልባው ነገም አለ።"

"እሷ ነገ የለችማ።"

እታለም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ረዳቷ ድንች ትልጥ ነበር። ሹፌሩ ድስት ፍለጋ ላይ ታች አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጩጬ ጠግቦ፣ በረንዳው ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። እታለም እጇን እያደረቀች መጣች።

"ተቆጣህ እንዴ?"

"አልተቆጣሁም። ተናድጄ ነው እንጂ።" ትኬቶቹን አውጥቶ አሳያት። "አንድ ቀን ነው ያለሽ፣ እታለም። ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን ጫነብሽና ያችኑ ቀን በላብሽ። አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ማለት አትችዪም?"

"ማንም አልጫነብኝም" አለች። "ቤት ለቤት ዞሬ፣ 'እዚያ ከተማ ልጅ ያለው ማነው? የምትልኩት ዕቃ የላችሁም ወይ?' እያልኩ የለመንኩት እኔ ነኝ።"

ጩጬ ትኬቶቹን እንደያዘ ዞሮ አያት።

"የምትልካቸውን ፎቶዎች እማዬ እያሳተመች ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ግንቡ ጋ፣ ፏፏቴው ጋ፣ ባቡሩ ጋ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሁሉንም አየኋቸው። በሁሉም ላይ ክንድህ አለ።"

"ክንዴ?"

"ስልኩን ይዘህ የዘረጋኸው ክንድህ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ያነሳህ ፎቶ አንድም የለም። እማዬ አላስተዋለችም። እኔ ግን እጅጌ ስለካ የምኖር ሰው ነኝ፣ ክንድ አያመልጠኝም።"

ጩጬ ክንዱን ቁልቁል አየው። ከተማዋን መውደዱ ውሸት አልነበረም። ግን ሰኞ ጠዋት "ቅዳሜ የት ዋልክ?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ይህም እውነት ነው። እስከዛሬ ሁለቱን እውነቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አይቷቸው አያውቅም። እህቱ ግን ከዚያ ሁሉ ርቀት አየችበት። አፈረ፣ ወዲያውም ቀለል አለው።

"ታዲያ ለእማዬ ልትነግሪያት ነው?"

"ገና ነው፣ ቀኑ አልመሸም። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ እስቲ መድኃኒቱ ይስራ።"

ሹፌሩ ከውስጥ ብቅ አለ፣ የራሱን መኪና ቁልፍ በእጁ ይዟል። "ውሃ አይደል የፈለጋችሁት? የምነዳው አውቶቡስ የመጨረሻ ፌርማታው ሐይቅ ዳር ነው። በቀን ስድስት ጊዜ እደርሳለሁ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አርፌ እመለሳለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አሥራ ሦስተኛዋን ደቂቃ አይቻት አላውቅም።"

ሐይቁ በጩጬ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ የትም አልተጻፈም። አንድ የተላጠ አግዳሚ ወንበር፣ ሸንበቆ፣ ሦስት ዳክዬ፣ ከኋላ ደግሞ የአውቶቡስ ማዞሪያ አለ። ወንበሩ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ ደቂቃ ቆጠረላቸው፤ አሥራ ሁለት ሲሞላ ከልማዱ የተነሳ ብድግ አለ። እታለም በልብሱ ጫፍ ጎትታ መልሳ አስቀመጠችው። አሥራ ሦስተኛዋ ደቂቃ ስታልፍ አራቱም አጨበጨቡላት፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ዞረው አዩዋቸው።

እታለም ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች። ቅዝቃዜው ሽቅብ ሲወጣባት ትከሻዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። ጩጬ ጀልባው ላይ ሊያየው የነበረውን ፊት እዚያው ፌርማታው አጠገብ አየው። አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

"ወደዚህ እዩ" አለች ረዳቷ ስልኳን ደቅና። ጩጬ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ኪሱ ከተተው፣ አወጣው፣ አጣምሮ ፈታው።

"ምን ሆነሃል፣ ትውስት እጅ ነው እንዴ?" አለ ሹፌሩ። በሳቅ መሃል ፎቶ ተነሱ።

ለሦስተኛው ዕቃ ባለቤት ከሐይቁ ዳር አራት ጊዜ ደወሉለት፤ አላነሳም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሹፌሩ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አወረዳቸው። እታለም በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ሳጥን ከቦርሳዋ አውጥታ ለጩጬ ሰጠችው።

"ለእማዬ ምን ልትያት ነው?" አላት።

"ዛሬ ደስ ብሎት ዋለ እላታለሁ። ሌላውን ቀን በምን አውቃለሁ?" ሳጥኗን በመዳፉ ላይ ተጫነችለት። "ይህቺን ስታደርስ ደውልልኝ፤ እንዴት እንዳደረስካትም ንገረኝ። ለእማዬ ዋናውን ወሬ የምነግራት ያን ጊዜ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።" አንገቱን ስባ ሳመችውና ሳትዞር ገባች፤ ከዞረች እንደምታለቅስ ታውቃለች።

ሰኞ ሹፌሩ "ቅዳሜ ምን አለህ?" ብሎ ጻፈለት። ማክሰኞ ረዳቷም ያንኑ ጠየቀች። ጩጬ አልመለሰላቸውም። ጠልቷቸው አይደለም። ልማድ ክፉ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ አንዲት ገደል ላይ የተሠራች ከተማ የዚህን ቅዳሜ የባቡር ትኬት ቆርጧል፣ ለአንድ ሰው፣ መስኮት ጥግ። ስለ ሳጥኗ ግን ለሦስተኛው ሰው በየቀኑ ይደውል ነበር።

ዓርብ ከሥራ ተመልሶ ሻይ እየጠጣ ሲደውል ስልኩ ተነሳ። ሰውየው ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው።

"አዎ፣ እናቴ ነግራኛለች፣ ይቅርታ" አለ። "እንዳትለፋ፣ ከቤቴ በታች ሱቅ አለ። እዚያ ተውልኝ፣ ያውቁኛል።"

"ነገ ቤት የለህም?"

"አለሁ። ቅዳሜ የትም አልወጣም፣ እተኛለሁ። ግን ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም።"

ያልተጠየቀውን መመለሱ ነው ጩጬን የያዘው። ይህንን ድምፅ ያውቀዋል። እሑድ እሑድ እናቱ ስትደውል የሚያወጣው የራሱ ድምፅ ነው። ሱቁ መንገዱ ላይ ነው፤ ሳጥኗን ጥሎ ለባቡሩ ይደርሳል፣ አደራውም ደረሰ ይባላል። "እሺ" ሊል አፉ ላይ ደረሰ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የባቡር ትኬት አየው፣ የሻዩን ብርጭቆም አስቀመጠበት።

"አይሆንም" አለ። "ከእጅ ወደ እጅ ነው የምሰጥህ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንመጣለን፣ ጫማህን አድርገህ ጠብቅ።"

"ጫማ ለምን?"

"መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ።"

"ወዴት ነው የምንሄደው?"

ጩጬ አያውቅም። ባለመኪናውን ራሱ ገና አልጠየቀውም።

"እሱን አራት ስንሆን እንጣላበታለን" አለና ስልኩን ዘግቶ ለሹፌሩ ደወለ።