አሻግሬ አፉን የፈታበት ዓመት

ይርገዱ ጭንቅ ሲመጣባት እጇ አርፎ አይቀመጥም፤ ምላሷም እንደዚያው። ባሏ አሻግሬ ደግሞ ሲጨንቀው ዝም ይላል፤ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ ይውላል። በደጉ ጊዜ ይህ ጠባያቸው ብዙም አላጋጫቸውም። በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ግን ከመካነ ሰላም ወረድ ብላ ባለችው መንደራቸው በልጉም ክረምቱም ቀረ። ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ፤ ከሁለቱ በሬዎቻቸውም አንዱ ሞተ።

ይርገዱ ቤቱን ብቻዋን ተሸከመችው። ውሃ ከሩቅ ምንጭ ትቀዳለች፤ የቀረችውን እህል እየቆነጠረች ትፈጫለች። ጎረቤቷ ሰብሪያ፣ የሙሐመድ ሚስት፣ "እንስራውን ልያዝልሽ" ብትላት፣ "ተዪው፣ እኔው እችለዋለሁ" ትላለች። ለባሏ የምታወጣው ቃል ትእዛዝ ብቻ ሆነ። እንጨት አምጣ። በሬውን ቅጠል ስጠው። እሱም ያመጣል፣ ይሰጣል፤ መልስ ግን የለውም።

"ምን ብበድልህ ነው እንዲህ የጠላኸኝ?" አለችው አንድ ቀን።

ቀና ብሎ አያት። የሚናገር መስሎ ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

በዚያው ሰሞን አገሩ ውስጥ ተስቦ ገባ። ይርገዱን ከምንጭ ስትመለስ መንገድ ላይ ጣላት። አሻግሬ ተሸክሞ አስገባት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም። ትኩሳቱ በረድ ብሎላት ዓይኗን ስትገልጥ ሰብሪያ አጠገቧ ተቀምጣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች።

"አብሽሪ፣ አልፎልሻል" አለቻት።

"ሰው ሁሉ ተስቦን ሲሸሽ አንቺ እንዴት ገባሽ?"

"ባልሽ ነዋ። ደጄ መጥቶ ቆመ፤ ቆመ፤ ቢሉት ቢሠሩት አይናገርም። ኋላ፣ 'ሰብሪያ፣ ይርገዱ ልትሞትብኝ ነው፤ የማደርገው ጠፍቶኛል' አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህን ሰምቼ እንዴት ልቅር?"

ይርገዱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አመሻሽ ላይ አሻግሬ ራሱ የሠራውን አጥሚት ይዞላት ገባ። ጓጉሏል፤ ጨውም የለውም። እንዲህ አይደለም የሚሠራው ልትል አፏ ላይ ደረሰ፤ መልሳ ዋጠችው። ደገፍ አድርጎ እያጠጣት፣

"አልጠላሁሽም" አለ።

አጥሚቱን ፉት ማለቷን ትታ ቀና ብላ አየችው።

"በሬው ሲሞት ሆዴ ባባ። ቃል ካወጣሁ የማለቅስ መሰለኝ። ወንድ ልጅ ሚስቱ ፊት አልቅሶ ቤቱን በምን ያቆመዋል ብዬ ነው።"

"እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተቀመጥሁ የምነሳ አልመሰለኝም" አለች ይርገዱ።

እጇን ያዘ። እስክታገግም ድረስ እሱ ውሃ ቀዳ፤ ሰብሪያ ፈጨች፤ ይርገዱ ተኝታ አየች። ለእሷ ከበሽታው የከበደው ይሄ ነበር።

በማግሥቱ ዓመት ዝናቡ ሲጥል የሚያርሱበት አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። አሻግሬ እንዴት ብሎ እንደሚጠይቅ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ይርገዱ ቀድማው ሰብሪያ ዘንድ ሄደች። "ብቻችንን አልቻልንም። በሬያችሁን ከኛው ጋር አቀናጁልን" አለች። ለካ ሙሐመድም የተረፈው አንድ በሬ ብቻ ነውና በበኩሉ ሊጠይቃቸው አፍሮ ከርሞ ኖሯል፤ የሁለቱንም እርሻ አብረው አረሱ።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ ተባለ። በስድሳ ሰባት የካቲት ላይ የመሬት አዋጅ ሲሰማ አሻግሬ ከገበያ ተመልሶ ቀጥታ ከቤቱ ጀርባ ሄደ። ይርገዱ ፊቱን አይታ መጥረጊያ አነሳች፤ የተጠረገውን ደጅ እንደገና ትጠርግ ጀመር። ጥቂት ከጠረገች በኋላ የምትሠራው ገባት። መጥረጊያውን ጥላ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ምን ሆንህ አላለችውም፤ ጠበቀችው።

"መሬት ሊደለደል ነው አሉ" አለ ቆይቶ። "ያባቴን እርሻ ይወስዱብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።"

"እኔም ፊትህን አይቼ ፈርቼ ነው የተጠረገ ደጅ የምጠርገው።"

ሳቅ አለ። ከዚያ ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ተቀምጠው አወጉ፤ ያን ቀን ከሷ ይልቅ ያወራው እሱ ነበር።