ጠርዙ የተከረከመ ቁራጭ

ውሻው የበላው የወንበሩን ክንድ ነበር። መቀመጫውንና ጀርባውን የሰው ንብረት ነው ብሎ ያከበረ ይመስል ሳይነካቸው ትቶ፣ የቀኙን ክንድ ብቻ ከጫፍ እስከ ስር ገሽልጦ ቢጫውን ስፖንጅ በሶፋ ቤቱ ወለል ላይ በትኖታል። ወንበሩ የደንበኛ ነው። አዲስ ቡናማ ቆዳ ለብሶ፣ ተወልውሎ፣ ከሰዓት ባለቤቱ እስኪወስደው በሩ አጠገብ ያደረ ወንበር።

መርፌ በሩን ከፍታ ይህን ስታይ ቁልፉን ከቀዳዳው ማውጣት እንኳ ረሳች። መርፌ ያሏት በቅጥነቷ ነው፤ ስሙን ያወጣችው አክስቷ ናት። ከአባቷ ጋር መሥራት ጀምራ የስፌት መኪናው ላይ ከተቀመጠች ወዲህ ግን እውነተኛ ስሟን የሚጠራ ጠፋ።

አባቷ ከኋላዋ ደርሶ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ። አልጮኸም። እሱ የሚያስፈራው ሳይጮህ ሲቀር ነው።

«በቃ» አለ።

«አባዬ፣ እስቲ መጀመሪያ…»

«በቃ አልኩ። ባለፈው ምን አልኩሽ? ከእንግዲህ አንድ ወንበር ቢነካ ለድንጋይ ካባው ዘበኛ እሰጠዋለሁ አላልኩም?»

«ብለሃል።»

«ታዲያ? ምን ይጠበቃል? ቃሌን እንደ ውሻው ልብላው?»

ስልኩን አውጥቶ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ደወለ። ዘበኛው ከሥራ ሲወጣ ገመድ ይዞ እንደሚመጣ ተነጋገሩ። መርፌ የዘበኛውን ውሾች ታውቃቸዋለች። ካባው አፋፍ ላይ በአጭር ሰንሰለት ታስረው ይውላሉ፤ ወደ እሱ ከሄዱት አንዱን እንኳ ጅራቱን ሲቆላ ያየ የለም።

ጥፋተኛው ስፖንጁ መሃል ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ የሁለቱን ክርክር ይሰማል። ዳኛው ያሉት በዚህ አመሉ ነው። ቡችላ ሳለ ጀምሮ ሰው ሲነጋገር አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው እያየ ያዳምጣል፤ ፍርድ የሚሰጥ እንጂ የሚፈረድበት አይመስልም።

መርፌ ስፖንጁን እየጠረገች በውስጧ ተቃጠለች። የሚያቃጥላት ውሻው ብቻ አልነበረም። ዳኛው ገና ዓመቱ ነው፤ መንጋጋው ሥራ ይፈልጋል። የእንስሳት ሐኪሟ፣ «ውሻን ማኘክ ማስተው አይቻልም፤ የሚያኝከውን መምረጥ ግን ይቻላል» ብላታለች። መምረጡ ነበር ጭንቁ። ስለ ውሻ ጥርስ የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለማ!

መጀመሪያ የመረጠችው አክስቷ ናት። አክስቷ ጡረታ እስክትወጣ ነርስ ነበረች፤ ከሶፋ ቤቱ በላይ ፎቁ ላይ ትኖራለች፤ ያልፈላ ነገር ጠላቷ ነው። ከሥጋ ቤት ያመጣችውን አጥንት እንደ ሆስፒታል መርፌና መቀስ ቀቀለችው፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ፈልቶ እንደ ጠመኔ ነጣ። ዳኛው ሁለቴ ሳያኝከው አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠረና ስንጥሩ ድዱ ውስጥ ቀረ። ሐኪሟ በወረንጦ ስታወጣው፣ «የበሰለ አጥንት በፍጹም! እንዲህ እየተሰነጠረ ነው አንጀት የሚበሳው» አለች። መርፌ ቤት ተመልሳ ይህንኑ ስትነግራት አክስቷ አሰብ አደረገችና፣

«እንግዲያው በደንብ አልበሰለም ነበር» አለች።

ከዚያ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ቀንድ አመጣ። «የዕድሜ ልክ ነው፣ አያልቅም» ብሎ ማለ። እውነቱን ነው፣ አላለቀም። የተሰበረው የዳኛው የኋላ ጥርስ ነው። ቀጥሎ ራሷ መርፌ ከሱቅ ነጭ፣ የተቋጠረ፣ ያልለፋ ቆዳ ገዛች። እሱ ደግሞ ምራቅ ሲነካው እንደ ሙጫ አበጠ፤ ዳኛው ሳያደቅቀው ዋጠውና ትን አለው። ጣቷን ጉሮሮው ድረስ ሰዳ ነው ያወጣችው።

በመጨረሻ ሐኪሟ አስቀምጣ እንደ ልጅ አስተማረቻት። «የአውራ ጣትሽን ጥፍር ጫን አድርጊበት። ምልክት ካልተወበት ለጥርሱ ይጠነክራል። ደግሞ አፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የማይገባ ይሁን። ሲያኝክ አጠገቡ ሁኚ፤ ተበልቶ ሲያንስ ውሰጂበት። የለፋ ቆዳ፣ ጫማም ሆነ ቀበቶ፣ ቀለምና ኬሚካል የጠጣ ነው፤ አይፈጭለትም። አደራ።»

መርፌ ወፍራም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ ማኘኪያ ገዛች። ካሮት ጠቀጠቀችበት። ሌላ ጊዜ ጨው የሌለው ሩዝ ሞላችበት። ዳኛው አሸተተው፤ ከዚያ ቤቱ በልቶ እንደመጣ እንግዳ በትህትና ፊቱን አዞረ። ለቤተሰቡም የሐኪሟን ቃል አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አባቷ «እሺ» አለ። አክስቷ «እሺ» አለች። በዚያ ቤት «እሺ» ማለት «ሰምተንሻል፤ አሁን ዝም በይ» ማለት ነው። ምክሯ ሁሉ ውሃ ወቀጣ ሆነባት።

አሁን የተበላውን ክንድ ከፍታ ስፌቱን ትተረትራለች። አባቷ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ቡናማ ቆዳ ዘርግቶ በትልቁ መቀስ ይቆርጣል። ዳኛው እንደ ልማዱ ከአባቷ ጠረጴዛ ስር፣ እግሩ ላይ ተኝቷል። ሁለቱም አኩርፈዋል፤ ሁለቱም ደግሞ ወንበሩ ከሰዓት መድረስ አለበት።

አክስቷ የሻይ ትሪ ይዛ ስትወርድ ዳኛው ተነስቶ ወገቡን ቆለመመ፤ ሆዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተኮማተረና ወለሉ ላይ አስመለሰ።

«ሆዱን የቆረጠው የወንበሩ ክንድ ነው» አለ አባቷ ከመቀሱ ቀና ሳይል። «የእጁን ነው ያገኘው።»

መርፌ ጨርቅ ይዛ ተንበረከከች። ቢጫ ስፖንጅ አለ። የተቦጫጨቀ ቡናማ ቆዳም አለ። ከመሃል ግን አንዲት ቀይ ነገር ታየቻት። ቀጥሎ አረንጓዴ። ከዚያ ሌላ ቀይ። እጇ ቆመ። ቀዩ ቆዳ የፀጉር ቤቱ ወንበሮች የለበሱት ነው፤ ወንበሮቹ ምንም ሳይነካቸው ወጥተዋል። ቁርጥራጭ የሚጣልበት በርሜል ደግሞ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ላይ ብረት ይጫናል። ውሻ ብረት አያነሳም።

ቁራጮቹን ለቅማ ቧንቧ ስር አጠበቻቸውና መስኮቱ ጋ አምጥታ አየቻቸው። ሁሉም አውራ ጣት ያክላሉ። ጥግ የላቸውም። ጠርዛቸው ዙሪያውን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ለስልሶ ተከርክሟል። ጥርስ እንዲህ አይቆርጥም። ቆዳን ሳይሸራርፍ እንዲህ የሚያዞር መቀስ ሶፋ ቤቱ ውስጥ አንድ ነው፤ መቀሱን የሚይዘውም አንድ ሰው ነው።

ቁራጮቹን አምጥታ አባቷ የሚቆርጠው ቆዳ ላይ ደረደረቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አባቷ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፤ መልሶ አወረደው። «ቆዳ ነው።»

«ቆዳ መሆኑንማ አየሁ። ማን ሰጠው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወድቆ አግኝቶ ይሆናል። አክስትሽ ናት ስታጎርሰው የምትውለው።»

«እኔ?» አለች አክስቷ፣ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እኔ ያልፈላ ነገር ሰጥቼ አውቃለሁ?»

«አባዬ» አለች መርፌ። ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አልለመደችም፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «እስቲ ጠርዙን እየው።»

አባቷ አየው። ጆሮው ቀላ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበትና መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«እና ምን ላድርግ?» አለ በመጨረሻ፣ ተበዳዩ እሱ የሆነ ይመስል። «እግሬ ላይ ተኝቶ ቀና ብሎ ያየኛል። ቀኑን ሙሉ! ሰው እንጨት አይደለም። ደግሞ ዝም ብዬ አልሰጠሁትም፤ ጥግ ጥጉን ከርክሜለት ነው። ሹሉ ድዱን እንዳይወጋው!»

መርፌ ትሳቅ ወይ ታልቅስ ግራ ገባት። ይህ ሰው ቡችላውን ያመጣች ዕለት «ወይ እሱ ወይ እኔ» ያለ ሰው ነው። እሷ እንደ ጅል ካሮት ስትጠቀጥቅ፣ ሩዝ ስታቀዘቅዝ፣ ውሻው ለምን ፊቱን እንዳዞረ ስታሰላስል ከርማለች።

«ሐኪሟ ያለችውን ነግሬህ አልነበረም?»

«ነግረሽኛል። እሷ ያለችው ስለ ጫማ ቆዳ ነው። ይሄ የጫማ አይደለም፤ አንደኛ ደረጃ ቆዳ ነው!»

አክስቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ዳኛው ጉቦ ይበላ ኖሯል! ያውም ከጠረጴዛ ስር!»

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ድዱን ስንጥር የወጋው በማን አጥንት ነው?» አለ አባቷ።

«የእኔ አጥንት ቢያንስ ንጹህ ነበር።»

መርፌ ሁለቱንም ትታ ስልኳን አነሳች። ሐኪሟ ውሃ ይጠጣ እንደሆነ፣ ሆዱ ሲነካ ይጠነክር እንደሆነ ጠየቀቻት። ይጠጣል፤ ሆዱም ለስላሳ ነው። ዳግመኛ ካስመለሰ ወይም ምግብ እምቢ ካለ ወዲያው፣ ካልሆነም ነገ ጠዋት እንድታመጣው ነገረቻት። አባቷ ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«ዶክተር፣ የቆዳውን ጥራት ግን አልነገረችሽም» ብሎ ጀመረ። ከዚያ አዳመጠ። ረጅም ጊዜ ነው ያዳመጠው። «አሃ» አለ። «አንጀቱን?» አለ። ስልኩን ሲመልስላት ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ነበር።

መርፌ አሁን መናገር ነበረባት፤ ከዘገየች ዘበኛው ይደርሳል።

«በአፉ እየከተትክ ቆዳ ምግብ ነው ብለህ ያስተማርከው አንተ ነህ። ታዲያ ወንበሩን ሲያይ ምን ይምሰለው? የተደገሰለት መስሎታል። ለዚያ ነው የጎማውን ዞር ብሎ የማያየው። እሱን ለዘበኛው ሰጥተህ ነገ ሌላ ውሻ እግርህ ላይ ቢተኛ እሱንም ታለምደዋለህ።»

አባቷ ቆዳውን አገላብጦ አየና መቁረጡን ቀጠለ። መርፌ እንደገና አልለመነችውም። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የክንዱን ሽፋን ሰፋች፤ ስፌቱ ሁለት ጊዜ ተጣመመባትና ሁለቴ ተረተረችው። ወንበሩ ደርሶ ባለቤቱ ሲመጣ አባቷ የመኪናውን በር ከፍቶ አስጫነለት፤ ክንዱን ዳበስ አደረገና፣ «እዚህችኛዋ ላይ ሁለት ጊዜ ለፍተናል» ብቻ አለው።

ዘበኛው የመጣው መብራት ሊበራ ሲል ነው። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የታለ ወንጀለኛው?»

ዳኛው ከጠረጴዛው ስር ወጥቶ ገመዱን አሸተተ። መርፌ የስፌት መኪናዋን መርገጫ የረገጠው እግሯ እዚያው ደርቆ ቀረ። አክስቷ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«አይሆንም» አለ አባቷ።

«ምኑ?»

«ውሻው። አይሄድም።»

«ኧረ ጋሼ! ጠዋት እኮ ዛሬውኑ ና ሲሉኝ ነበር። ሰንሰለት ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።»

«ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ።»

ዘበኛው ሶፋ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘ። «ማነው?»

አባቷ ወደ መርፌ አየ። እንድታግዘው ነበር፤ አላገዘችውም። ክር በጥርሷ በጠሰች።

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ። «ወስደህ ታስረኛለህ?»

«እርስዎንማ ማን ችሎ ያበላል!» ዘበኛው እየሳቀ ገመዱን ጠቀለለ። አክስቷ የቀረውን ሻይ አጠጥታ ሸኘችው።

በሩ ሲዘጋ አባቷ መቀሱን ሰቅሎ የራሱ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ዳኛው መጥቶ እግሩ ላይ ተኛና ቀና ብሎ አየው። የአባቷ ቀኝ እጅ፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ቡናማ ቁራጭ አነሳ።

«አባዬ!»

«ምን አደረግኩ?»

«እጅህን እየው!»

እጁን አየ። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ደነገጠ።

መርፌ ምክር እንደማይበቃ ገባት። ከጥቅሎቹ መሃል ወፍራም ሸራ መርጣ አወጣች፤ የጠረጴዛውን ፊትና ሁለት ጎን ለካች፤ ቆረጠች፤ ጫፉን አጥፋ ሰፋች። ከዚያ ሽቦ መምቻውን ስቴፕለር ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጠረጴዛውን ከላይ እስከ ታች እንደ ሶፋ ማልበስ ጀመረች፣ እጅም ሆነ ቁራጭ ወደ ታች እንዳይገባ። ውሻው የሚተኛበት ምንጣፍ ከእሷ የስፌት መኪና አጠገብ ተዘረጋ፤ የጎማው ማኘኪያም እዚያው ተቀመጠ። ዳኛው የሚሄድበት ሲያጣ ምንጣፉ ላይ ሄዶ ተጋደመ፤ ማኘኪያውን አሸተተና በቅሬታ አንዴ ላሰው።

አባቷ ተነስቶ እጁን ኋላው አጣምሮ ሥራዋን ከላይ ይመለከታል። አንድ ጎን ጨርሳ ሁለተኛውን ስትይዝ ጉሮሮውን ጠረገ። መርፌ ቀና አለች። ይቅርታ ሊላት መሰላት፤ ቢያንስ «ልክ ነሽ» ሊላት።

«በግራ በኩል ተጣሟል» አለ። «እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ቤት አይወጣም። ንቀይው።»

መርፌ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ከዚያ የሽቦ መንቀያውን አንስታ፣ ያስገባችውን ሽቦ አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች። አባቷ ሸራውን ወጥሮ ይዞላት አጠገቧ ተንበረከከ።