ከእናት ድምፅ ሥር ያለ ዘፈን

ሙሉነሽ ያን ቀን ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ የገዛ ድምፅዋን ሳትሰማ ትሞት ነበር። ላጋንን ብዬ አይደለም፤ ራሷም የምትለው ይኼንኑ ነው።

ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ውስጥ ነው። ከገርጂ የተሳፈረችበት ውይይት ታክሲ ቦሌ ሳይደርስ የኋላ ጎማው እስስ ብሎ ተኛ። ሹፌሩ ተራግሞ፣ ምሎ ተገዝቶ፣ መኪናዋን እያንፏቀቀ ከአንድ ጎሚስታ ደጅ አደረሳት። ተሳፋሪው ግማሹ ወርዶ በእግሩ ተፈተለከ። ሙሉነሽ ግን የሰፋችውን የተማሪ ዩኒፎርም በአንሶላ ጠቅልላ ስለያዘች የትም መሄድ አልቻለችም፤ ካረጀ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። «ዛሬ ደግሞ የማንን ፊት አይቼ ነው የወጣሁት!» አለች።

ጎሚስታው ቀኝ እግሩን የሚጎትት፣ ቢበዛ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ከበስተኋላው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ቴፕ ክፍት ነበር። የሚወጣው ግን ዘፈን አይደለም፣ ዜናም አይደለም። አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ ያወራሉ። ላሟ ወለደች፣ ዝናቡ ዘንድሮ ቀደመ፣ የጎረቤት ልጅ ታጨች። ሙሉነሽ ኦሮምኛ የምትሰማው ለገበያ ያህል ነው፤ ቢሆንም ይኼ ይኼ አላመለጣትም። በመጨረሻ የሴትዮዋ ድምፅ ሰለል አለና «ኮቱ፣ ኢልመ ኮ» አሉ። ና ልጄ ማለት ነው። ቴፑ ቀጭ አለ። ወዲያው ደግሞ አንዲት ሴት ከመካከል ጀምራ መዝፈን ቀጠለች፦

«ይምሽ ግድ የለኝም፣ ይንጋ ግድ የለኝም፣
ሳትመጣ የምዘጋው በር እኔ የለኝም…»

«ደህና ትዘፍናለች ይቺስ» አለች ሙሉነሽ በሆዷ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ያሰበችው ይኼን ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ነው ጆሮዋ ያቃጨለው። ከዚያ ጥቅሉ ከጭኗ ላይ ወደቀ። ዘፋኟ እሷ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ አራት ሙሉነሽ አንድ ካሴት አውጥታ ነበር። አሥር ዘፈን፤ ግጥሙም ዜማውም የራሷ። ያሳተመላት ቦሌ መንገድ ላይ ሙዚቃ ቤት ያለው ኑሪ የሚባል ሰው ነው። ሳንሱር ያደረገው ሰው እንኳ «ምንም የለበትም፣ ብቻ ያስለቅሳል» ብሎ አሳለፈው። ሕዝቡም የተናገረው ይኼንኑ ነው። ለሠርግ አይሆን፣ ለጭፈራ አይሆን፣ ሰዉ የራሱ ለቅሶ መች አነሰውና! አምስት መቶ ታትሞ ሠላሳው እንኳ አልሄደም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ አብረዋት የሚጫወቱት የባንድ ልጆችም ያኔውኑ ሸሿት።

ይኼን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው አንድ ቀን ኑሪ ሱቅ ጎራ ስትል ያየችውን ነው። ያን ጊዜ ባዶ ካሴት እንደ መድኃኒት ተፈልጎ የሚታጣ ነገር ሆኖ ነበር። ኑሪ ታዲያ ምን ያድርግ፣ ያልተሸጠውን የሙሉነሽን ካሴት አውጥቶ፣ እንዳይቀዳበት የተተወችውን ቀዳዳ በወረቀት ወትፎ፣ በስሟ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ባዶ» ብሎ ጽፎበት ደርድሮታል። በገዛ ስሟ ላይ ባዶ! ቤቷ ገብታ የግጥም ደብተሯን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። «ሁለተኛ ደጁን ብረግጥ እግሬ ይሰበር» ብላ ማለች። ይኸው ስምንት ዓመት፣ ከስፌት መኪናዋ ሌላ የምታነጋግረው የለም።

ከዚያ ሁሉ ካሴት አንድ እንኳ እንዳልተረፈ ነበር የምታውቀው።

«አንተ ልጅ» አለችው ጎሚስታውን፣ «ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«የእናቴ ደብዳቤ ነው፣ እትዬ።» ጎማውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ስሙ ለሜሳ ነው፤ የቦሌ ቡልቡላ ገበሬ ልጅ። «መጻፍ አትችልም ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ስሄድ በካሴት ተናግራ ላከችልኝ። በሰባ ዘጠኝ ዐረፈች፤ አልደረስኩባትም።»

«ነፍስ ይማር። ዘፈኑንስ?»

«እሱን ማን እንዳስገባው አላውቅም። እኛ እሷ መርጣ ያስገባችው ነበር የሚመስለን። ምሽግ ውስጥ ሰባት ነበርን። ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ ግን መጀመሪያ የለውም። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን መጀመሪያ አበጀለት። ላጲሶ በሩን ከፍታ የምትጠብቀው ሚስቴ ናት ይላል። ገብረትንሣኤ ደግሞ እህቴ ናት ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም እዚያው ቀሩ። እኔ እግሬን ስመታ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳንጎራጉር ነው ያደርኩት፣ እትዬ። እውነተኛው መጀመሪያ ምን እንደሚል ሳልሰማ እንዳልሞት እላለሁ።»

«ሌላ ዘፈንስ የለበትም?»

«የለም። ከዚህ በኋላ ይህኛው ገጽ ያልቃል። በጀርባው አጎቴ ሆርዶፋ ናቸው፤ ግንባር ሩቅ ነው ስለተባሉ ከዳር እስከ ዳር ይጮኹበታል።»

ከአሥሩ ዘፈን የተረፈው እንግዲህ ይኼው ግማሽ ዘፈን ነው። ሙሉነሽ ግን ግማሹንስ ማን ሰጥቶኝ አለች። «እኔ ነኝ የዘፈንኩት» አለችው።

ለሜሳ ለትሕትና ያህል ፈገግ አለ። «አይቀልዱ፣ እትዬ።»

ምን ታድርግ? በአውራ ጎዳና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሹፌሩ ዓይኑን አፍጥጦ እያያት፣ ቀስ ብላ አንዲቷን መስመር አዜመችለት። «ሳትመጣ የምዘጋው በር እኔ የለኝም።» ልጁ ክው አለ። ከዚያ ያንን እግሩን እየጎተተ መጥቶ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል በሁለት እጇ ያዘችው። «ተው የኔ ልጅ፣ ተው» ትለዋለች፤ ራሷ ግን እንባዋን መያዝ አቅቷታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልሰማኝም ብላ ኖራለች። ለካ ሰባት ሰው በቃሉ ይዟት ኖሯል!

«በሉ እንግዲህ መጀመሪያውን ያሰሙኝ!» አለ ለሜሳ።

«በሩን ገርበብ አርጌ እራቱን ከድኜ…» ብላ ጀመረች። ቀጥሎ የለም። ዜማው አንድም አልጎደለ፣ ከጫፍ ጫፍ አለ፤ ቃሉ ግን ጥርግ ብሎ ጠፍቷል። እንደገና ጀመረች፤ እዚያው ቦታ ላይ ተገተረች። የራሷ ግጥም! በገዛ እጇ አቃጥላው፣ በገዛ ልቧ ደግሞ እርሳው እርሳው ብላ አባርራው፣ አሁን ና ስትለው ከየት ይምጣ? የልጁን ዓይን ማየት አፈረች።

«ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም?» አለ።

አለ። አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ኑሪ ነው። መሐላዋንም፣ «ባዶ» የሚለውንም ነገር ሳትደብቅ ነገረችው። ለሜሳ ጥቂት አሰበና «እትዬ፣ የእርስዎ እግር ቢሰበር የእኔ አለ፤ ግማሽ ቢሆንም ያደርሰናል» አላት። አሳቃት። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። ጎማው ሲለጠፍ ካሴቱን ከሸሚዙ ኪስ ከቶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ በዚያው ታክሲ አብሯት ተሳፈረ።

ኑሪ ሸምግሏል፤ ሆድም መነጽርም አውጥቷል። ከበሩ ላይ ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ። «ሙሉዬ!» አለና የሚለው ጠፋው።

«ልጣላህ አይደለም የመጣሁት። ጠባችን አለ፣ እሱ ይቆየን» አለችው። «የካሴቴ ዋናው ቅጂ የታለ?»

ኑሪ ራሱን ነቀነቀ። «ስቱዲዮው ያኔውኑ ሌላ ቀዳበት። ክር ከየት ይመጣ ነበር ብለሽ ነው!»

ተስፋዋ ቁርጥ አለ። «ግጥሙንስ ታስታውሰዋለህ? የበሩን ዘፈን?»

ኑሪ መነጽሩን አወለቀ። እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ወጣው፦

«በሩን ገርበብ አርጌ እራቱን ከድኜ፣
ይመጣል ያሉኝን እንደ ልጅ አምኜ፣
ኮቴ በሰማሁኝ ቁጥር ብድግ አልኩኝ፣
ላላፊ አግዳሚው ስንቴ እጅ ነሣሁኝ።»

«ዜማውን ግን አልሞክረውም» አለ፣ «ጎረቤት ያስጠራብኛል።»

«አንተ ሰውዬ! እንዴት አልረሳኸውም?»

«ስንት ወር ሙሉ ሱቄን ስከፍት እሱን ነበር የማስቀድመው፤ ሰው ሰምቶ ይገዛል ብዬ። ማን ይግዛው! እኔው ብቻዬን ተማርኩት።»

ለሜሳ ካሴቱን አውጥቶ ሰጠው። ኑሪ ቴፕ ውስጥ ከቶ ሲከፍተው አሮጊቷ ስለ ላማቸው ማውራት ጀመሩ። ኑሪ ደነገጠ። «አዴ ደሪቱ! እኔው ነኝ የቀዳኋቸው። እዚህች ቦታ ቁጭ ብለው ነው የተናገሩት።» ልጁን አየው። «አንተ ነህ ለሜሳ የሚሉት ልጃቸው? አልሐምዱሊላህ! በሕይወት አለህ?»

ከዚያ ተቀመጠና ተናገረ። ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ከየገበሬው መንደር እየመጡ ቅዳልን ይሉታል። ቤታቸው ቴፕ የለ። የሙሉነሽን ካሴት ይሸጥላቸዋል፣ መቅጃውን ይጫንላቸዋል፣ እነሱ ያወራሉ። ደንቡ እናትየዋ ስትጨርስ የቀረውን ክር በዝምታ እስከ መጨረሻው ማስኬድ ነበር፤ ከሥር ያለው አሮጌ ዘፈን እንዲጠፋ።

«በሌላው ሁሉ እንደዚያ አደርጋለሁ፤ ያንቺን ግን እጄ እንቢ አለኝ» አለ ኑሪ። «እናትየዋ ዝም ስትል ልጁ እዚያ በረሃ ላይ ብቻውን ሊቀር ነው። ዘፈኑ ይቀጥልለት ብዬ እተወዋለሁ። አጭር ያወራች እንደሆነ ሦስት አራት ዘፈን ይተርፋል፤ ብዙ ያወራች እንደሆነ አንድ መስመር። ካሴቱ እስኪያልቅ እንዲሁ ነው የላክነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ሙሉዬ። አራት መቶ ምናምኑንም። ልነግርሽ ስንቴ ቤትሽ ድረስ መጥቼ ከበር ተመለስኩ። ያንን ወረቀት ስምሽ ላይ የለጠፈ እጄን ለማንኳኳት ባነሣሁ ቁጥር ያሳፍረኛል። አውፍ በይኝ።»

ሙሉነሽ አራት መቶ ምሽግ እያሰበች ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ሲሉ ሰምታ ታውቃለች፤ ለእሷ የተደገሰው ግን እዚህ አጠገቧ ሳይሆን እዚያ ነበር የተበላው። እሰይ! ይብሉት!

ዘፈነች። ሱቁ ውስጥ ቆማ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ኑሪ በከንፈሩ ቃሉን እየመራላት ዘፈነች። ድምፅዋ መጀመሪያ ሻከር አለ፤ «ኮቴ በሰማሁኝ» ላይ ሲደርስ ተከፈተ። መንገደኛው ከደጅ ቆመ። ለሜሳ የመጀመሪያውን ቤት እስከ መጨረሻ ዓይኑን ሳይነቅል አዳመጣት፤ ለእሱ፣ ለላጲሶም፣ ለገብረትንሣኤም ጭምር ነበር የሚያዳምጠው። «ይምሽ ግድ የለኝም» ሲደርስ እሱም ገባበት። የሚያውቀው ቦታ ነው። አብረው ጨረሱት።

ማንም አላጨበጨበም። ለሜሳ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ኑሪ አንገቱን ደፍቶ፣ ሊደርስበት የሚገባው ስድብ ገና እንዳልመጣ ሁሉ ይጠብቃል። ሙሉነሽ ቀረበችውና እጁን ያዘች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ኑሪ።»

«ለምኑ? ስላጠፋሁብሽ?»

«ለእናቱ ስለሸጥክላቸው» አለችው።