በሊሊያን ፈንታ

ፕሪሲላ ከእግዚአብሔር ጋር የምትነጋገረው እንደ ገበያ ሰው ነበር፤ ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርግልሃለሁ። አዲስ አበባ በስደት ስታድግ ማትሪክ እንዲያሳልፋት ጾማለች። ባሏ ቦል በጭነት ጀልባ ላይ ሥራ እንዲያገኝ ብላ ሥጋ እርም ብላለች፤ ሥራውም ተገኘ፣ ሥጋውም እንደቀረ ቀረ። ኪዳን ማለት ለእሷ ይኸው ነው፤ አንተም ቃልህን፣ እኔም ቃሌን። ደግሞስ ማን ይከራከራታል? እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም በየውሉ ሲሄድላት ነበር።

ያን ሰሞን የአራት ዓመት ልጇ ሊሊያን በወባ ተይዛ ነደደች። ክሊኒክ ወስዳ አስወግታታለች፣ መድኃኒቱንም በየሰዓቱ ሰጥታታለች፤ ትኩሳቱ ግን ወይ ፍንክች! ቦል ከጀልባው ጋር ወደ ማላካል ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጁባ ውስጥ የሚኖሩበትን የጉዴሌ ሰፈር መንገድ ጭቃ ስላደረገው ሞተር እንኳ ብቅ አላለም። ጠዋት ላይ ልጅቱ ማልቀሷን አቆመች። የፕሪሲላን ወሽመጥ የቆረጠው ይሄ ነው፤ የሚያለቅስ ልጅ ቢያንስ አለ። ቀጥሎ የሊሊያን ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ።

ተንበርክካ ያላትን ሁሉ ዘረገፈች። ፀጉሬን እላጫለሁ አለች። ዕድሜ ልኬን እጾማለሁ አለች። እኔን ውሰደኝ አለች፤ ወዲያው ደግሞ እኔን ከወሰድክ ማን ያሳድጋታል ብላ ቃሏን መለሰች። ላይ ያለው ዝም። ገበያ ላይ ሻጭ ዝም ካለ ጨምሪ ማለቱ ነው። ፕሪሲላም ጨመረች፣ ጨመረች፤ የምትጨምረው ሲያልቅባት ከአፏ እንዲህ የሚል ወጣ።

«የግድ አንድ ልጅ መውሰድ ካለብህ ኛንዴንግን ውሰድ። ሊሊያንን ተውልኝ።»

አቤት! እንዲህ የሚል አፍ ምን ዓይነት አፍ ነው? የፈራ አፍ ነዋ።

ኛንዴንግ የቦል ልጅ ናት፣ ከመጀመሪያ ሚስቱ። እናቷ በጦርነቱ ጊዜ ሲሸሹ ጀልባ ተገልብጦ ወንዙ ወስዷታል። ቦር ከተማ አያቷ ዘንድ አድጋ፣ አያትየዋ ስታርፍ አባቷ ጁባ አመጣት። አስር ዓመት ቢሆናት ነው። ፕሪሲላ አትመታትም፣ አታስርባትም፤ እህል ስታወጣ ለሁለቱም እኩል ነው። ግን ፀጉሯን ስትሠራላት እንኳ እንደ ባዕድ ልጅ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ። የሚነጋገሩትም በጁባ አረብኛ ነው። አማርኛ የፕሪሲላና የእግዜር ቋንቋ ነበር፤ ልጅቱ ምኑም አይገባትም ብላ ስለምታስብ ስትጸልይ ድምጿን ቀንሳ አታውቅም።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ሊሊያንን ላብ አጠመቃት። ግንባሯ ቀዘቀዘ። ዓይኗን ከፍታ «ውሃ» አለች። ፕሪሲላ አጠጣቻትና እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጠዋት ያለችው ትዝ አላት። ኛንዴንግ የት ናት?

በጠዋት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ፕሪሲላ ወደ በሩ ሮጠች። ጀሪካኑ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ልጅቱ የለችም። ጓሮም የለችም፣ ጎረቤትም የለችም።

ተቀበለኝ፣ አለች በልቧ። ሊሊያንን አዝላ በጭቃው ውስጥ እየወደቀች እየተነሳች ወደ ዓቢዳ ሱቅ ሄደች።

ዓቢዳ ከጅማ መጥታ ጉዴሌ ላይ ዱቄትና ስኳር የምትነግድ ሴት ናት። ምላሷ ስለታም ነው፤ ልቧ ግን እንደዚያ አይደለም። ሊሊያንን ስታይ ፊቷ በራ።

«አልሐምዱሊላህ! ኛንዴንግ እውነቷን ነው እንዴ? ጠዋት መጥታ ‹እትዬ ዓቢዳ፣ ሊሊያን ዛሬ ይሻላታል› አለችኝ።»

«በምን ቋንቋ አለችሽ?»

«በምን ትበለኝ፣ ባማርኛ ነዋ!»

«አማርኛ አትችልም!»

«ወይ ፕሪሲ! ማን ነው ታዲያ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቄ ቁጭ ብሎ ደንበኛ የሚያስተናግድልኝ? ካንቺ በላይ ትናገረዋለች። ደስ እንዲልሽ እየተማረች መስሎኝ ነበር።» ዓቢዳ የፕሪሲላን ፊት አየችና ድምጿ ወረደ። «ደግሞ የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። የት ነው ስላት ‹እናቴ ጋ› አለችኝ። ለእናቷ ዘመዶች ሰጠሻት ብዬ ብስኩት አስያዝኳት።»

«እናቷኮ ወንዝ ነው የወሰዳት፣ ዓቢዳ።»

ከዚያ ፕሪሲላ ጠዋት ያለችውን ነገረቻት፣ አንድም ሳታስቀር። ዓቢዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አዑዙ ቢላህ! አላህ ምን የከፈተ መሰለሽ፣ ሱቅ? ልጅ መዝኖ በልጅ የሚለውጥ?» ሊሊያንን ከጀርባዋ ነጥቃ አቀፈቻት። «ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ!»

ዋናው መንገድ ላይ ሞተር አገኘችና ወደ ወንዙ ወደብ አለችው። ሹፌሩ ጭቃውን እየሸሸ ሲጠማዘዝ፣ እሷ ከኋላ ሆና ልትጸልይ ሞከረች። ኛንዴንግን መልስልኝ ልትል ብላ ቃሉ አፏ ላይ ደረቀ። ውሉ ከፈረሰ ሊሊያንስ? ትኩሳቱ ቢመለስባትስ? አንዷን ስትጠራ ሌላዋን የምትገፋ መሰላት። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም፤ ከተማው ውስጥ ጥይት በተተኮሰ ጊዜ እንኳ። ደግሞ የፈራችው ወንዙን ብቻ አልነበረም። ሕፃን አቅርባለት እሺ የሚል አምላክ ከሆነ ስታመልክ የኖረችው፣ ወዴት ነው የሚሸሸው?

የምትጨምረው ፈለገች። ምንም አጣች።

«ሁለቱንም» አለች ጮክ ብላ፤ ሹፌሩ ዞር ብሎ አያት። «የምሰጥህ የለኝም። ሁለቱንም ተውልኝ።»

ወደቡ ላይ ጫኞች የማሽላ ጆንያ ተሸክመው እየተጯጯሁ ይወጡ ይወርዳሉ። ቀሚስ የለበሰች ልጅ ብላ ጠየቀች፤ አንዱ ከታሰሩት ጀልባዎች ወዲያ በአገጩ አመለከታት። ሮጠች።

ኛንዴንግ ዳርቻው ላይ ቁጭ ብላለች። ነጭ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፣ እግሯ ውሃው ውስጥ ነው። ወንዙ በዝናቡ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እየነዳ ይወርዳል። ፕሪሲላ ልጅቱ ደንግጣ እንዳትንሸራተት ሩጫዋን ገታች።

«ታል፣ ኛንዴንግ» አለቻት ቀስ ብላ በጁባ አረብኛ፣ ነይ ስትላት። «ታል።»

ልጅቱ ዞራ አየቻትና ባማርኛ መለሰችላት።

«አትምጪ። ሲመጣ አንቺንም ይወስድሻል።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እግዚአብሔር። ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅሁት ነው። እናቴን ከዚህ ወንዝ ነው የወሰዳት፣ ቦታውን ያውቀዋል። ግን ዘገየ።» የረጠበ ቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች። «ሊሊያን ተሻላት?»

«ተሻላት።»

«እኔን ሳይወስደኝ?»

«ሳይወስድሽ።»

«ታዲያ በምን ተሻላት?»

ፕሪሲላ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ውሃው ገባች። ጭቃው እግሯን ሳባት። «በምንም» አለች። «እንዲሁ ነው የተሻላት።»

ኛንዴንግ ይህ አልገባትም። «አንቺ ግን ነግረሽው ነበር። ሰምቼሻለሁ።»

«ነግሬው ነበር።»

«እምቢ አለሽ?»

«እምቢ አለኝ።»

ልጅቱ አጎንብሳ ውሃውን አየች። ከዚያ ያን ቀን ሙሉ ያላለቀሰችው ልቅሶ መጣባት።

«ስለማይፈልገኝ ነው?»

ፕሪሲላ እዚያው ወንዙ ውስጥ ቆመች። ልታባብላት የምትችልበት ቃል ሞልቷት ነበር፤ አንዱንም አልተጠቀመችበትም።

«እሱስ ይፈልግሻል» አለች። «ያልፈለግሁሽ እኔ ነኝ።»

ኛንዴንግ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ቀና ብላ አየቻት።

«አሁንስ?»

ፕሪሲላ እጇን ዘረጋችላት። ኛንዴንግ ወዲያው አልያዘችውም።