በማን ወጣች

ልብስ ሰፊዋና ቁልፍ ሠሪው ባሏ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ ልጃቸው በማን እንደወጣች። ልጅቷ አንዴ አልፈልግም ካለች አልፈልግም ናት፤ ለዚህም ነው ቤተሰቡ ሁሉ «ድርቄ» የሚላት። «ቁርጥ የአንቺን ወንድም!» ይላል አባት እንዲህ ስትሆን። በሒሳብ መቶ ከመቶ ያመጣች ቀን ግን፣ «የእኔ ዘር መች በቁጥር ይታማል!» ባዩ እሱው ነው።

እናትም የምትመለስ አይደለችም። ድርቄ ጨርቅ የምትቆርጠው በግራ እጇ ነው፤ እናቲቱም ይህን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ እያሳየች፣ «ግራኝነት በእኛ ቤት ከቅድመ አያቴ ጀምሮ ነው» ትላለች። ልጅቷ የምትጽፈውም የምትበላውም በቀኟ ነው። በቤቱ ያለው መቀስ ግን የእናቲቱ የግራኝ መቀስ ብቻ ነበር። ይህን ያስተዋለ የለም፤ ቢያስተውልስ ማን ይሰማዋል።

ክርክሩ አንዲት ትንሽ እንከን ነበረችበት። ልጅቷን አልወለዷትም። የሃያ ቀን ሕፃን ሳለች ከሕፃናት ማሳደጊያ ተረክበው፣ ሰፈር ቀይረው፣ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው፣ «ስታድግ እንነግራታለን» ተባባሉ። አደገች። «ትምህርቷን ትጨርስ» አሉ፤ ጨረሰች። «ትዳር ትያዝ» አሉ፤ ያዘች። ውሸቱንም ለሰው ሲያወሩት ሲያወሩት ለራሳቸውም ጣማቸውና፣ አባትየው ያለ አንዳች ሐፍረት አገጯን የአክስቱ አገጭ አድርጎት አረፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድርቄ የአምስት ወር እርጉዝ ሆዷን አስቀድማ ወላጆቿ አብረው ወደሚሠሩባት ሱቅ መጣች። የጨርቅ ቁርጥራጩን ገፋ አድርጋ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቅጽ አስቀመጠችና በመዳፏ ከለል አደረገችው።

«ሐኪሟ ስለ ቤተሰብ በሽታ ጠይቂ ብላኛለች። ስኳር አለ?»

አባት ደረቱን ነፋ። «በእኔ በኩል ነዋ! አባቴ፣ አጎቴ፣ እኔም ራሴ። ጻፊ!»

«ደም ግፊትስ?»

«እሱ የእኛ ነው» አለች እናት፣ እንዳትቀደም ፈጠን ብላ። «እናቴን የወሰዳት እሱ አይደል? እህቶቼም ሦስቱም በኪኒን ነው ያሉት።»

«ግፊት ደግሞ በሽታ ሆኖ! የእኛ ስኳር እኮ እግር ያስቆርጣል።»

«የእኛስ ቢሆን ስንቱን አልጋ ላይ . . .»

እናት ቃሉን ሳትጨርሰው ቀረች። ዓይኗ ልጅቷ ሆድ ላይ አርፎ ነበር። ሐኪሟ ይህን ሁሉ እውነት ብላ የሌለ ስኳር ስትፈልግ ልትውል ነው። በእውነት በልጅቷ ደም ያለውን ግን ማንም አይፈልገውም። በልጅቷና በሕፃኑ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? ብትናገር ደግሞ፣ ከዛሬ በኋላ «እማዬ» ብላ የምትጠራት ልጅ አትኖራት ይሆናል። ፈራች፤ ያም ሆኖ አፏን ከፈተች።

«ተዪው ልጄ፣ አትጻፊ።»

«ምን ነካሽ?» አለ ባል።

«አንተ ዝም በል! የእኛ ስኳርም ግፊትም አንቺ ዘንድ አይደርስም። አልወለድንሽም።»

አባት ከመደርደሪያው አንድ የበር ቁልፍ አንስቶ ያለ ምክንያት ያገላብጠው ጀመር። ድርቄ መዳፏን አነሳችና ቅጹን ወደ እነሱ አዞረችው። በስኳሩም በግፊቱም አጠገብ «አይታወቅም» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀለሙም ከደረቀ ቆይቷል።

«አስራ አራት ዓመቴ ላይ ነው ያወቅኩት» አለች። «መሳቢያውን ከፍቼ።»

«ያንን ቁልፍ እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ!» አለ አባት፣ ከሁሉ በፊት የሙያ ክብሩ ተነክቶ። «እሱን የሚከፍት ሰው አልተፈጠረም!»

«በሽቦ መክፈት ማን አስተማረኝ፣ አባዬ?»

አባት በእጁ የያዘውን ቁልፍ ወደ መደርደሪያው መለሰ።

«አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልሽ?» አለች እናት።

«እስክትነግሩኝ ነዋ። ካልነገራችሁኝ አልጠይቅም ብዬ . . .» እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ዛሬ እንኳን ለዚህ ልጅ ስትሉ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ነው የመጣሁት፣ እማዬ።»

«እማዬ» ስትል እናት ጠረጴዛውን ዞራ ደርሳ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ። አባትም ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዴም ሁለቴም። ከዚያ በላይ ግን ዝም ማለት አልቻለም።

«አስራ ሁለት ዓመት ምስጢር መያዝ!» አለ። «ይሄ እንኳ ያለ ጥርጥር የእኔ ነው።»

«የአንተ? አንተ ደግሞ መች ምስጢር ታውቅና! ድርቅና ነው እንጂ፣ የወንድሜ ድርቅና!»

«ሃያ ስድስት ዓመት የያዝኩትስ?»

«እኔ እያስጠነቀቅኩህ አይደል!»

ድርቄ እንባዋን ጠርጋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ከቅጹ ግርጌ ያልተሞላ አንድ መስመር ነበር፤ በዘር የሚተላለፍ ሌላ ችግር ካለ ይገለጽ ይላል። ጎንበስ ብላ ጻፈችበት፦ «ጭቅጭቅ። በእናትም በአባትም በኩል።»