የእንቁራሪት ቂም

ፊሽካው ያን ቀን አፉን ባይከፍት ኖሮ ልጅቷ ቂምን በስሙ እንጂ በጣዕሙ ባላወቀችው። ፊሽካው የትልቁ የታዳጊዎች ዋና ክለብ አሰልጣኝ ነው፤ ከአንገቱ ፊሽካ፣ ከፊቱ ኩርፊያ የማይለይ ሰው። "እንቁራሪት" የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ ስትዋኝ እግሯን በሰፊው ስለምትከፍት። ልጆቹ ስሙን ተቀባበሉት፤ ተለጠፈባት ቀረ።

ለዓመቱ መጨረሻ ውድድር ቡድን በሚመረጥበት ዕለት አባቷ ሊወስዳት መጥቶ ነበር። አባቷ ጎሚስታ ነው። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ እጁ እንደጠቆረ ነው፤ በገንዳው ዳር የተነጠፈውን ነጭ ሴራሚክ እንዳያቆሽሽ ፈርቶ በሩ ጋ ቆመ። ፊሽካው የተመረጡትን ጠርቶ ጨረሰ። የእሷ ስም የለም።

"ጌታው፣ የኔዋስ?" አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፊሽካው ከላይ እስከ ታች ገረመመው። "ያንተዋን ይዘሃት ሂድና ጎማ መለጠፍ አስተምራት። ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መጠበቅ አይደል ሥራችሁ? ለሷ እሱ ይበቃታል!"

ልጆቹ ሳቁ። ልጆቻቸውን ሊወስዱ ከመጡት ወላጆች ውስጥም የሳቁ ነበሩ። ከሁሉ አስበልጣ የሳቀችው ደግሞ የፊሽካው የዓይን ብሌን የሆነችው፣ የክለቡ አንደኛ ዋናተኛ ናት። አባቷ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አንገቱን ደፋ። ቦርሳዋን ከእጇ ተቀብሎ "ነይ እንሂድ፣ የኔ እናት" አላት። መንገድ ላይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።"

እንቁራሪት አላለቀሰችም። ቆሽቷ እያረረ ጥርሷን ነከሰች። "ይሄን ሰውዬ በሰው ፊት አንገቱን ሳላስደፋው ብቀር እኔ ሰው አይደለሁም" አለች በልቧ።

ከሆስፒታሉ ጀርባ ሴራሚኩ የረገፈ አሮጌ ገንዳ አለ። እዚያ አንዲት ነርስ ከሥራ ስትወጣ ትልልቆቹ ክለቦች የመለሷቸውን ልጆች ታሠለጥናለች። ልጆቹም ሲስተር ይሏታል። እንቁራሪት እሷ ጋ ገባች። ለውድድሩ በሚዘጋጀው የዋና ቅብብሎሽ ቡድን ውስጥ መንትያዎቹ አሉ፤ ከውሃ ውጪ በምንም የማይስማሙ። ሚጢጢ አለች፤ ከቁመቷ ማነስ በላይ ስትዋኝ የምትጠጣው ውሃ የሚያስገርም። አራተኛዋ እንቁራሪት ናት።

እንደ እብድ ነው የሠራችው። ገንዳው ጫፍ ደርሳ ስትዞር ግድግዳውን የምትረግጠው የፊሽካው ፊት እዚያ ላይ የተለጠፈ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ሚጢጢ ዘግይታ ስትዘል ጮኸችባት፤ "ካልቻልሽ ለምን አትቀሪም? የምትጎትቺን አንቺ ነሽ!"

ሚጢጢ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ፎጣዋን ተከናንባ ተንሰቀሰቀች።

ሲስተር የእንቁራሪትን ጆሮ ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። "የሆነ ሰው ላይ ቂም እንደያዝሽ ካየሁ ቆየሁ። ያዢው፤ ጉልበት ከሰጠሽ ደግ ነው። የኔ ልጆች ላይ ግን አታራግፊውም። ገባሽ?"

"ገባኝ፣ ሲስተር።"

ሚጢጢን ይቅርታ ልትጠይቅ ገባች። ይቅርታው ሳይታሰብ ታሪኩን ሁሉ ጎትቶ አወጣው። ሚጢጢ አፍንጫዋን ጠርጋ ቀና አለች።

"ለአባትሽ ነው እንዲህ ያለው?"

"ለአባቴ።"

"በቃ፣ እኔም ጠላሁት።"

መንትያዎቹም ሰሙና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አፍ ተሳደቡ። ከዚያ ወዲያ ቂሙ የአራቱም ሆነ። ልምምድ ሲጀምሩ እጅ ለእጅ ይደራረቡና እንደ ሌላው ቡድን የክለባቸውን ስም በመጥራት ፋንታ በከንፈራቸው ያፏጫሉ። ሲስተር ፉጨቱ ምን እንደሆነ እያወቀች ያላወቀች መሰለች።

የውድድሩ ቀን ወላጅ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጠዋቱን ሙሉ ወርቁን ትልቁ ክለብ ለቀመው። ቢሆንም ከመንትያዎቹ አንዷ በጀርባ ቀዘፋ ብር አገኘች፤ ሚጢጢም ነሐስ አጠለቀችና ከአንገቷ አላወልቅም ብላ አስቸገረች። የመጨረሻው ቅብብሎሹ ነበር።

የመጀመሪያዋ መንትያ ወደ ኋላ ቀረች። ሁለተኛዋ ልዩነቱን አጠበበችው። ሚጢጢ ግማሹን ገንዳ ጠጥታ ግማሹን ዋኝታ ቦታዋን ሳትለቅ ደረሰች። እንቁራሪት ዘለለች። ጎኗ ባለው መስመር የምትዋኘው ያቺው ከሁሉ አስበልጣ የሳቀችው ልጅ ነበረች። ዞረው ሲመለሱ ትከሻ ለትከሻ ናቸው። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ መውሰዱን ተወችው፤ ሳንባዋ እየተቃጠለ ግድግዳውን በጥፊ መታች። ቀደመች!

መንትያዎቹ ተቃቅፈው ጮኹ። እሷ ግን ውሃው ውስጥ ሆና በዓይኗ ፊሽካውን ፈለገች። ፈገግ ብሏል። 

ፈገግታው የገባት ሽልማቱ ላይ ነው። ፊሽካው ወደ መድረኩ ወጥቶ ማይክራፎኑን ከመድረክ መሪው ተቀበለና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። "ይቺ ልጅ የኔ ፍሬ ናት! ያኔ ያባረርኳት እልህ እንዲይዛት ብዬ ነው። ይኸው፣ ዘዴዬ ሠራ!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። የእንቁራሪት ደም ፈላ። ይህን ሁሉ ወር የደከመችበትን ሊወስድባት ነው።

"እስቲ ለአሰልጣኝሽ ምን ትያለሽ?" ብሎ የመድረክ መሪው ማይክራፎኑን መልሶ ተቀብሎ ሰጣት።

"አሰልጣኜ ሲስተር ናት፤ ያቻት። እኚህ ሰውዬ እልህ ያስያዙኝ ምን ብለው እንደሆነ ግን ልንገራችሁ።" የጎማውን፣ የአረፋውን፣ አንድ ቃል ሳታጎድል ደገመችው። "እንዲህ ያሉት አባቴን ነው። ከእናንተም የሳቃችሁ አላችሁ።"

የፊሽካው እጅ ከትከሻዋ ላይ ተንሸራተተ። "ቀልድ እኮ ነው..." አለ። የሳቀለት የለም። ሚጢጢ በከንፈሯ ማፏጨት ጀመረች፤ መንትያዎቹ ተከተሏት፤ ከዚያ የሲስተር ልጆች በሙሉ። ፊሽካው ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ከመድረኩ ወረደ።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ይህን ደስታዋን ልታካፍለው አባቷን ፈለገችው። ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው ነበር። አጠገቡ እናቷ አፏን ይዛ ቀርታለች። እሱም አንገቱን ደፍቷል፤ ልክ እንደዚያን ቀን። የአሁኑ ግን የእሷ ሥራ ነው።

አውቶቡስ ሲጠብቁ እናቷ ፈንጠር ብላ ቆመች። "ይሄን ሁሉ ጊዜ በሆድህ ይዘህ!" ትላለች፤ ማንን እንደተቆጣች ለራሷም አልገባትም።

"አባዬ፣ ይቅርታ" አለች እንቁራሪት። "አንተን ላዋርድ ብዬ አይደለም።"

አባቷ ቦርሳዋን ከእጇ ተቀበላት። "ያን ቀን እጄን ኪሴ ውስጥ የከተትኩት እንዳልመታው ነው። ብመታው የትም አይቀበሉሽም ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ አፈርኩ፤ አልዋሽሽም።" ከዚያ ከንፈሩ ዳር ዳር ተንቀጠቀጠ። "ግን ሲወጣ አየሽው? በሩ ጠፍቶበት ዕቃ ቤት ገባኮ። መጥረጊያ ለመጥረጊያ ሲጋጭ ቆይቶ ተመልሶ ወጣ!"

እናቷ ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም።

ክለቡ ፊሽካውን ከታዳጊዎቹ ላይ አነሳው። አባቷን ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም ይቅር አላለችውም። መንገድ ላይ ስታገኘው ዓይኑን እስኪሰብር ድረስ ታፈጥበታለች።

ትንሽ ቆይቶ ያቺ የሳቀችው፣ እንቁራሪት በቅብብሎሹ የቀደመቻት ልጅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ አሮጌው ገንዳ በር ላይ ተከሰተች፤ ከእነሱ ጋር መሠልጠን ፈልጋለች። ሲስተር ውሳኔውን ለቡድኑ ተወችው። መንትያዎቹም ሚጢጢም ወደ እንቁራሪት ዞሩ።

እንቁራሪት ልጅቷን አቁማ ገረመመቻት። "መጀመሪያ አባቴ ጋ ትሄጃለሽ። ጎሚስታ ቤቱ በሰው ሲሞላ ነው የምትሄጂው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ።"

"ሰው ፊት?" አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"የሳቅሽውስ የት ነበር?"