ከቀዩ መስመር በላይ

የሰፈሩ ሰው ሚሊሜትር ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጓሮዋ ከተተከለው የዝናብ መለኪያ ብርጭቆውን እያወጣች፣ ከዓይኗ ትይዩ አንስታ ታነባለች፤ ያነበበችውንም ለወረዳው በስልክ ትናገራለች። አንድም ቀን አላጓደለችም። ጎረቤቶቿ "ሻይዋ ውስጥ ስኳር የምትጨምረውም በሚሊሜትር ነው" እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዱን ሰምታዋለች፤ ስሕተት ስላላገኘችበት አላረመችውም።

ከስድስት ዓመት በፊት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ግማሽ ከወሰደው ወዲህ፣ ኮረብታው ላይ ካለው ቤቷ አንዱን ክፍል ለእናቷ አዘጋጅታ ትጠብቃለች። እናቷ እዚያው ታች ካለው ቤቷ ንቅንቅ አልልም ስላለች፣ ክፍሉ ለክፉ ቀን ነው። አምስት ጀሪካን ውሃ አለበት፤ በየወሩ ይቀየራል፤ የተቀየረበት ቀን ላዩ ላይ ተጽፏል። የእጅ ባትሪ ከነተለዋጭ ድንጋዩ፣ የእናቷ የደም ግፊት ኪኒን፣ የመታወቂያዋ ቅጂ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ደግሞም አንድ ጥንድ አዲስ ነጠላ ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ ሰባት። እስከ ዛሬ ማንም አልተጫማውም።

ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የወረዳው የአደጋ መከላከል ሠራተኛ ቤት ለቤት ዞሮ ቅጽ አስሞላ፤ ዝርዝሩንም ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሚሊሜትር ልታየው ሄደች። "ጎርፍ ቢመጣ የት ይሄዳሉ?" በሚለው ሥር፣ በእናቷ ረድፍ ላይ፣ "ትንሿ ልጄ ቤት" ይላል።

ሁለቴ አነበበችው። ረድፉ ተዛንፎ እንደሆነ ብላ በጣቷ ተከትላ ሦስተኛ ደገመችው። አልተዛነፈም።

ትንሿ፣ የሚሊሜትር ታናሽ እህት፣ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ሹፌር ስለሆነ በወር ሦስት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው፤ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በአንድ እግሯ የስፌት መኪና እየረገጠች ነው። እሷ ቤት የእጅ ባትሪ የለም ማለት አይቻልም፤ አለ፤ ድንጋዮቹን ግን ልጆቹ ለመጫወቻ መኪና አውጥተዋቸዋል። የውሃ ጀሪካኑ ላይ ቀን ሳይሆን የድመት ሥዕል ነው ያለው።

"እንኳን መጡ፤ ልፈልግዎት ነበር" አላት ሠራተኛው። "እህትዎ ቤት መጠለያ ይሆናል ካልን፣ የበሩ ደፍ ከቀዩ መስመር ቢያንስ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት።" ቀዩ መስመር የዚያን ዓመት ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው፤ በየመብራት ምሰሶው ላይ በቀለም ተሰምሯል። "ካነሰ እሰርዘውና እናትዎን ወደ እርስዎ አዛውራቸዋለሁ።"

"እኔ እለካዋለሁ።"

"እርስዎ ከለኩትማ ማን ይደግመዋል" አለ። ሊያሞግሳት ብሎ ነው።

በማግሥቱ ከአንድ ግንበኛ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የውሃ ጎማ ተውሳ፣ ውሃ ሞልታ፣ እህቷ ቤት ሄደች። የውሃው ከፍታ በጎማው ሁለት ጫፍ እኩል ስለሚሆን፣ አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ፣ ሌላውን የቤቱ መሠረት ላይ ይዞ መለካት ነው። ለዚህ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

"እትዬ፣ ቤቴን ልትሸጪብኝ ነው?" አለች ትንሿ፣ ምሰሶው ሥር ቆማ።

"ዝም ብለሽ ያዢ። ውሃው ከቀዩ ጋር ሲገጥም ንገሪኝ።"

"ከላይኛው ጠርዝ ነው ከታችኛው?"

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ይህም ሚሊሜትርን አናደዳት። "ከላይኛው" አለች።

ቀን ቀን እዚያ የምትውለው እናታቸው በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሰው ኮት ላይ ቁልፍ ትተክላለች፤ የመጨረሻው ልጅ ጭኗ ላይ ተጋድሟል። የለበሰችው የትንሿን አሮጌ ሹራብ ነው፤ ክርኑ ተጥፏል። ሚሊሜትር ባለፈው ዓመት የገዛችላት ሹራብ የት ገባ?

"ገጠመ" አለች ትንሿ።

ሚሊሜትር ደፉ ሥር ተንበርክካ፣ ጎማው ውስጥ ካለው ውሃ እስከ ደፉ ለካች። ሃምሳ ሁለት። ደገመችው። ሃምሳ ሁለት።

ደብተሯን አወጣች። አርባ ስምንት ብትጽፍ አራት ሳንቲ ሜትር ናት፤ የሁለት ጣት ውፍረት። እናቷ ወደ ኮረብታው ትመጣለች፤ ነጠላ ጫማውም እግር ያገኛል። ማንም አይደግመውም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አርፎ ቀረ።

"እማዬ" አለች ቀና ሳትል። "እኔ ቤት ምን ጎደለ?"

"አንቺ ቤት ደግሞ ምን ይጎድላል?"

"ታዲያ?"

"ምንም ካልጎደለ እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ?" እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "እዚህ ሦስት ልጅ አለ፤ እናታቸው ያላት ሁለት እጅ ነው። ጎርፍ ቢመጣ አንዱን እኔ እይዛለሁ።"

"አንቺንስ ማን ይይዝሻል?"

"እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ?"

 ሚሊሜትር ኮረብታው ላይ ከክፍሉ በር ጀርባ በለጠፈችው ዝርዝር ላይ እናቷ ያለችው ከኪኒኑና ከመታወቂያው ጋር፣ ከሚያዙት መሐል ነው። ያዥ ትሆናለች ብላ አስባ አታውቅም። ነገሩ ገባት፤ ቅናቱ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። እኔስ የሚይዘኝ አልፈልግም ያለ ማነው? አለች በሆዷ።

"እትዬ፣ እጄ ዛለ። ልልቀቀው?" አለች ትንሿ ከምሰሶው ሥር። ጎማውን አሁንም ከቀዩ ላይ ዝንፍ አላደረገችውም።

"ቆይ፣ አንዴ ልድገመው።"

ሦስተኛም ለካች። ሃያ ሁለት ዓመት በሙሉ ያላየችውን ቁጥር ጽፋ አታውቅም፤ ዛሬ አራት ሳንቲ ሜትር ከዋሸች፣ ያን ሁሉ ደብተር ማን ያምነዋል? እሷ ራሷ አታምነውም። 52 ብላ ጻፈች። እስክሪብቶውን ከወትሮው አጥብቃ ስለተጫነችው ቁጥሩ ቀጣዩ ገጽ ላይ ታተመ።

"ልቀቂው። አልፏል።"

ትንሿ እጇን እያሸች መጣች። "አንቺስ ጎርፍ የመጣ ቀን የት ትሆኛለሽ?"

"መለኪያው ጋ። ዝናቡ በየሰዓቱ ይነበባል።"

"ካነበብሽ በኋላስ?"

ሚሊሜትር ጎማውን መጠቅለል ጀመረች።

"በኋላማ ትመጣለች" አለች እናታቸው። "ጀሪካኖቿንም ታመጣለች፤ የእናንተ ውሃ ድመት ድመት ይላል።"

"ትምጣ። ፍራሽ ግን የለኝም፤ እማዬ ስታድር የምትተኛበት አልጋ ላይ መዳበል ነው።"

ሚሊሜትር ጎማውን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ከኪሷ ሜትር አውጥታ አልጋውን በወርድ ለካች።

"አንድ ሜትር ከሃያ" አለች። "ይበቃል።"

"ልጆቹስ?" አለች ትንሿ ከበሩ ላይ። "እማዬ ስታድር እነሱም እኮ ከእሷ ጋር ነው የሚተኙት።"

"ይበቃል ያልኩሽ ለእኔና ለእማዬ፣ ለሁለት ነው" አለች ሚሊሜትር።